ያላለቀሰው አድማጭ

እሸቴ «ትርሐስ መሃረቡን…» ብሎ ማንበብ ጀመረና አቋረጠ። መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ ደፍቶ ፊቱን ወደ ሸለቆው አዞረ። ከጎኑ የተቀመጠው ወጣቱ ኡመር ራሱ ላይ የጠመጠመውን ሽማግ ዓይኑ ላይ ጎትቶ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። በእርከኑ ግንብ ጥላ ሥር ያረፉት ሌሎቹ ቡና ለቃሚዎችም አንዱ አፍንጫውን በእጅጌው ይጠርጋል፣ አንዱ በእንጨት መሬት ይጭራል። የምሳው ሩዝ ትሪው ላይ እንዳለ ቀዝቅዟል።

ደረቅ ዓይኑን ከአንዱ ወደ አንዱ የሚያንከራትተው ሸምሱ ብቻ ነበር።

«እኔ የምለው» አለ ቀስ ብሎ፣ «ልጅቷ መስኮት ሥር ተቀምጣ ስትጠብቀው ክረምቱ አለፈ፣ በጋው አለፈ አላልክም? ውኃ ማን ይቀዳላታል?»

እሸቴ ዓይኑን ጠርጎ ገላመጠው። «ከተማ ናት። ቧንቧ አላቸው።»

«ቧንቧውስ ቢሆን ይጠፋ የለ?»

ሐምዛ ከግንቡ ጀርባ ሆኖ ሳል አሰማ። ሐምዛ የሚያሳዝነው ክፍል መቃረቡን ባወቀ ቁጥር ፍየሎቹን ልይ ብሎ ይነሳል፤ የሚሄደው ግን ከግንቡ ማዶ፣ ድምፁ እስከሚሰማበት ድረስ ነው።

ሸምሱ ጨካኝ ሰው አልነበረም። አብረውት የሚኖሩት ሁሉ ይህን ያውቃሉ። ኡመር በየመን በኩል ድንበሩን አቋርጦ፣ እግሩ ተላልጦ እዚህ ተራራ ላይ የደረሰ ጊዜ ቁስሉን በጨውና በሞቀ ውኃ እያጠበ ያዳነው እሱ ነው። መጽሐፉ ሲነበብ ግን የሌሎቹ ልብ የሚሄድበት መንገድ አልገለጽልህ ይለዋል። ሁሉም አንድ ነገር አይተው እሱ ብቻ ያላየው ይመስለዋል። ይህም አያናድደውም፤ ይከነክነዋል እንጂ።

መጽሐፉ «ያልደረቀው መሃረብ» ይባላል። ወደ አድ-ዳኢር፣ እነሱ ወዳሉበት የዐረብ አገር ተራሮች፣ የመጣው በበርበሬ ከረጢት ውስጥ ነው። ጂዛን ከተማ ለሐበሻ በርበሬና ሽሮ የምትሸጠው ፋጤ፣ ወደ ላይ የሚወጣ የምታምነው ሾፌር ባገኘች ቁጥር ዕቃ ትልክላቸዋለች። በዚህኛው ዙር ከረጢቱን ሲገለብጡ መጽሐፉ አብሮ ወደቀ። ሽፋኑ ተገንጥሎ በፕላስተር ተለጥፏል። ከፋጤ በፊት በብዙ ሰው እጅ ማለፉ በየገጹ ዳር ይታያል፤ በሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች የተሰማቸውን በእስክሪብቶ ጽፈውበታል። «እዚህ ላይ ማዳም እስክትጠራኝ አለቀስኩ» ይላል አንዱ። «ይሄ ልጅ አይረባም፣ እኅቴ ተዪው» ይላል ሌላው። ከሥሩ በሌላ ቀለም፣ «አንቺ ፍቅር አታውቂም» የሚል መልስ ተሰጥቶታል። እሸቴ ታሪኩን ብቻ ሳይሆን እነዚህንም ያነብላቸዋል። ሸምሱ ከታሪኩ ይልቅ ጆሮውን ቀስሮ የሚያዳምጠው እነዚህን ነው።

ታሪኩ ራሱ ረጅም አልነበረም። ትርሐስ የምትባል የከተማ ልጅ አባተ የሚባል ድሃ ልጅ ታፈቅራለች። ወላጆቿ አይፈልጉትም። ልጁ ሠርቼ እመለሳለሁ ብሎ ባሕር ማዶ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ መጠበቅ ነው። ደብዳቤ ይጠፋል፣ ወሬ ይሳሳታል፣ ልጅቷ ትታመማለች፣ መሃረቡ ይርሳል።

የእርሻው ባለቤት አቡ ያሕያ፣ እነሱ «ሸይባው» የሚሉት ሽማግሌ፣ ያን ቀን ምርኩዙን ይዞ ሲወርድ ያገኘው ዓይናቸው የቀላ ወንዶችን ነው። ሰው የሞተባቸው መስሎት «ኢና ሊላህ» ብሎ ቆመ። እሸቴ በሚችለው ዐረብኛ ነገሩ መጽሐፍ መሆኑን ቢያስረዳውም ሊያምነው አልቻለም። ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ታሪኩን ከመጀመሪያው እንዲነግሩት ጠየቀ። ሰምቶ ሲጨርስ ምርኩዙን መሬት ላይ እያሽከረከረ ብዙ አሰበ። የልጁ አባት ሽማግሌ አልላከም ወይ ብሎ ጠየቀ። ልኮ እምቢ መባሉን ነገሩት። እንግዲያስ ጥፋቱ የልጅቷ አጎት ነው፣ አጎት ባለበት ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይደርስም ብሎ ፈርዶ ተነሳ። በማግስቱ ግን ቡናው እንዴት እንደዋለ ከመጠየቁ በፊት የልጅቷ ትኩሳት እንዴት እንዳደረ ጠየቃቸው።

ሸምሱ ይህን ሁሉ እያየ ዝም ማለት አቃተው። ከሰዓት በኋላ ከኡመር ጋር አንድ ዛፍ ይዘው ቀይ ቀዩን ይለቅማሉ። ጉሙ ከሸለቆው እየወጣ የታችኞቹን እርከኖች ሸፍኗል፤ ማዶ ያሉት የየመን ተራሮች አናታቸው ብቻ ነው የሚታየው። ሸምሱ አንድ ቅርንጫፍ ወደ ራሱ ጎንበስ አድርጎ ጠየቀው።

«በየትኛው ቃል ላይ ነው ያለቀስከው?»

ኡመር ሊያፌዝበት እንደሆነ ፊቱን አየው። የፌዝ ምልክት አላገኘበትም።

«እናትየዋ በር ስታንኳኳ።»

«ልጁ ሲሄድ አይደለም?»

«አይ። እናቷ ‹ክፈቺልኝ፣ እራትሽን ብዪና ተኚ› ስትላት ነው።» ጥቂት ፍሬዎች ቅርጫቱ ውስጥ ጣለ። «እኔ ከቤት የወጣሁት ሳልናገር ነው። ልሄድ ስል እማዬ እራት ይዛልኝ መጣች። የተኛሁ መስዬ ዝም አልኳት።»

ሸምሱ ከዚያ በላይ አልጠየቀውም። እሸቴን ሲጠይቀው ደግሞ የእሱ ቦታ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ልጅቷ የተማሪ ቤት ዩኒፎርሟን አጥባ ለጎረቤት ልጅ የሰጠችበት ገጽ ነው። ሌላ ሰው ልብ ብሎ ያልሰማው ገጽ። እሸቴ ትምህርቱን ያቋረጠው ዐሥረኛ ክፍል ላይ ሲሆን፣ አሁን ድረስ በሚያነበው ዓረፍተ ነገር መካከል ኮማ ያለቦታው ገብቶ ካየ በእስክሪብቶ ያስተካክላል። ሸምሱ ሐምዛንም ለመጠየቅ ሞከረ፤ ሐምዛ ግን እኔ ፍየል ነው የምጠብቀው፣ መጽሐፍ ሰምቼ አላውቅም ብሎ ካደ።

አንድ ንባብ ሰምተው ሁሉም ያለቀሱት በየራሳቸው ነገር መሆኑ ሸምሱን ገረመው። የእኔስ ቃል የትኛው ይሆን ብሎ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ በሐሳቡ ፈለገ። አላገኘም። ቡናውን ተሸክሞ ወደ ማስጫው ጣሪያ ሲወጣ ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣበት። ዘይነብ ብትሰማው የት ላይ ታለቅስ ይሆን?

ዘይነብ ሚስቱ ናት። ወሎ፣ ከቢስቲማ ወጣ ባለች መንደር ከልጃቸው ከሂባ ጋር ትኖራለች። ከተለያዩ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። እሱም እንደ ሌሎቹ ወረቀት የለውም፤ አንዴ ከወጣ መመለሻ የለውምና ይህን ዓመት ብቻ፣ ይህን ዓመት ብቻ እያለ ነው እዚህ የደረሰው። በየሳምንቱ ይደዋወላሉ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሂባ ትምህርት፣ ስለ ላሚቱ፣ ስለ ጎረቤት ሠርግና ለቅሶ ያወራሉ። ከዚያ «በል አላህ ይጠብቅህ» ትለዋለች፤ ያበቃል። ብቻዋን ስትሆን ምን እንደምታስብ ጠይቋት አያውቅም። እንዲህ ያለ ነገር ለሚስት እንዴት እንደሚቀርብም አያውቅም።

ያልጠየቃት ሌላም ነገር ነበር። የሄደ ቀን የመንደሩ ሰው እስከ መኪናው መንገድ ድረስ ወጥቶ ሸኝቷቸዋል። አብረውት የተጓዙት ጎልማሶች ሚስቶችና እናቶች አቧራው ላይ ቁጭ ብለው ሲያለቅሱ ነበር። ዘይነብ አልነበረችም። ንጋት ላይ ስንቁን አስታቅፋው፣ ወፍ ልጠብቅ ብላ ወደ ማሽላው ሄደች። በዚህ አንድም ቀን ተናግሯት አያውቅም። ቅያሜው ግን ሆዱ ውስጥ እንዳለ ነው።

በማግስቱ ንባቡ ሲጀመር ሸምሱ ስልኩን አውጥቶ መቅዳት ጀመረ። ያለፉትንም ምዕራፎች እንዲደግምለት እሸቴን ለመነው። እሸቴ መጀመሪያ አንገራገረ፤ ድምፁ አገር ቤት ሊሰማ መሆኑን ሲያውቅ ግን ጉሮሮውን ጠራርጎ እንደ ሬዲዮ ሰው ረጋ ብሎ ያነብ ጀመር። ኔትወርክ ያለው ከላይኛው እርከን፣ የውኃው ታንከር አጠገብ ነው። ሸምሱ እዚያ ወጥቶ በኢሞ ወደ ሂባ ስልክ ላከው። ምን ብሎ እንደሚልከው ግራ ገብቶት ቆየና «ይቺን ለእናትሽ አሰሚያትና የት ላይ እንደሆነ ትንገረኝ» አለ። የት ላይ ምን እንደሆነ አላብራራም።

መልስ አልመጣም። ሌላ ምዕራፍ ላከ። አሁንም ዝም። በየቀኑ ከምሳ በኋላ ወደ ታንከሩ እየወጣ ስልኩን ያያል፤ የተላከው መሰማቱን የምታሳየዋ ምልክት አለች፣ ቃል ግን የለም። እሸቴ ሲያነብ ሸምሱ አሁን በሁለት ጆሮ ማዳመጥ ያዘ፤ አንዱ የራሱ፣ አንዱ የዘይነብ። ይሄኛውን ስትሰማ ምን ትል ይሆን፣ እዚህ ላይ ትቆጣ ይሆን እያለ። መጽሐፉ ደስ ይለው የጀመረውም ያኔ ነው።

በመጨረሻ ሂባ የድምፅ መልእክት ላከችለት። ከኋላዋ የሴቶች ጫጫታ ይሰማል። ከሰዓት በኋላ የጎረቤት ሴቶች በቆሎ ሊፈለፍሉ እነሱ ቤት ይሰበሰባሉ አለች፤ ስልኩን መሶብ ላይ አስቀምጠው ያዳምጣሉ። ጎረቤታቸው ሐዋ ከሁሉም ብሳ አልቅሳለች፤ ለልጅቷም ከዚያ ክፍል ወጥታ ገበያ እንድትሄድ፣ ንፋስ ቢነካት እንደሚሻላት መልእክት ልካለች። አንዷ ሴትዮ የሚያሳዝኑት እናትየዋ ናቸው ብላ ከሐዋ ጋር ተኳርፋ ነበር፣ አሁን ታርቀዋል። የሚያነበው ሰውዬ ሚስት አለው ወይ ብለውም ጠይቀዋል።

ሸምሱ በጽሑፍ አንድ ቃል ብቻ መለሰ፤ «እናትሽስ?»

ሂባ ቆየት ብላ መለሰች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር።

«እማዬ ሳቀች አባ። መኪናው ሲነሳ። ሁሉም ሲያለቅሱ እሷ ሳቀች።»

ሸምሱ ይህን መልእክት ደጋግሞ ሰማው። መኪናው የሚነሳበት ምዕራፍ አባተ ሊሄድ አውቶቡስ ውስጥ ገብቶ፣ ትርሐስ መናኸሪያው መሬት ላይ ተዝለፍልፋ የምትወድቅበት ነው። ሐምዛ እንኳ ያን ቀን ከግንቡ ጀርባ ሳይመለስ ቀርቷል። ምን ያስቃል? ሳቁ የንቀት ይሁን፣ የሌላ ነገር ይሁን ሊያውቅ አልቻለም። አውቶቡሱን አሰበ፣ ልጅቷን አሰበ፣ ዘይነብን አሰበ። ቡና ሲለቅም ያልበሰለውን አረንጓዴ ከቀዩ ጋር እየደባለቀ ሸይባው ተቆጣው።

የመጨረሻው ምዕራፍ ዓርብ ከሶላት በኋላ እንዲነበብ እሸቴ ወሰነ። ማንም ቀድሞ ገጹን እንዳይገልጥ መጽሐፉን ትራሱ ሥር ነው የሚያሳድረው። ዓርብ ደረሰ። ወደ ታች፣ ፖሊስ ወዳለበት መስጂድ ስለማይወርዱ እርከኑ ላይ በጀመዓ ሰገዱ። ሸይባው በፔርሙስ ከቡና ገለፈት የተፈላ መጠጥ፣ በሳህን ተምር ይዞ መጣና ጥላው ሥር ጥሩውን ቦታ ያዘ። ኡመር ሽማጉን ከወዲሁ አንገቱ ላይ አመቻችቷል። ሸምሱ አሁን መጣሁ ብሎ ወደ ታንከሩ ወጣና ለዘይነብ ደወለ።

ስለ ጤና፣ ስለ ሂባ፣ ስለ ላሚቱ ተጠያየቁ።

«ሳቅሽ አሉ» አላት።

«ሂባ ነገረችህ?»

«ሰው ሁሉ ሲያለቅስ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ» አለች ዘይነብ። «ልጅቷ መኪናው ሲነሳ ወደቀች። እኔ ሳላውቀው ጮክ ብዬ፣ ኧረ ተነሺ፣ መታጠፊያው ጋ እኮ ገና አልደረሰም፣ ቆመሽ ብታዪው ይታይሻል አልኳት። ሴቶቹ ከስልክ ጋር ልትጣዪ ነው ብለው አፈጠጡብኝ። እኔም ሳቄ መጣ።»

ሸምሱ ታንከሩን ተደግፎ ቆሞ ነበር። የሚናገረው ሳያስበው ወጣ።

«አንቺ እኮ አልመጣሽም። የሄድኩ ቀን። የሁሉም ሚስት መንገድ ድረስ መጥታ ነበር።»

ከወዲያ ዶሮ ሲጮህ፣ ሂባ ሰው ስትጠራ ይሰማል።

«ለዚህ ነው እንዴ የላክህልኝ?»

«አይደለም። የት ላይ እንደምታለቅሺ ለማወቅ ነው። ይቺ ቅያሜዬ ግን አብራ ነበረች መሰለኝ።»

«ማማው ላይ ነበርኩ» አለች። ወፍ ከምትጠብቅበት ከፍ ያለ የእንጨት ቆጥ ላይ ማለቷ ነው። «መንገድ ዳር የቆመ ሰው የሚያየው መኪናው ከፊቱ እስኪያልፍ ነው። ከዚያ አቧራ ነው። ወንድሜን ስንሸኝ አይቼዋለሁ፤ አቧራ ቅሜ ነው የተመለስኩት። የእኛ ማማ ደግሞ ከመንደሩ ሁሉ ከፍ ያለው ነው። መስጂዱን አልፋችሁ፣ ወንዙን ተሻግራችሁ፣ እስከ መታጠፊያው ድረስ አየሁህ። አረንጓዴ ሹራብህን ለብሰህ ነበር።»

ሸምሱ ሹራቡን አስታወሰው። ባሕሩ ላይ ነው የጠፋው።

«አለቀስሽ?»

«በምን ጊዜዬ? ወፉ እንደ ደመና ነው የወረደው። ወንጭፌን እያስጮህኩ ድንጋይ ስወረውር ዋልኩ። ያን ቀን ወፎቹ መከራቸውን አዩ» አለች። «ማታ ላም ላልብ ብል ክንዴ አልታዘዝ አለኝ።»

ያቺን ማማ የሠራት እሱ ነው፤ እንጨቱን ቆርጦ፣ ገመዱን ጠምዝዞ። ላይዋ ላይ ወጥቶ ወደ መንገዱ ተመልክቶ ግን አያውቅም። ከዚያ ላይ መንገዱ ምን እንደሚመስል፣ ወንዙ በየት በኩል እንደሚታይ ሊጠይቃት ሲል እሷ ቀደመችው።

«እኔም የምጠይቅህ አለኝ። ስንት ጊዜ ልጠይቅህ ብዬ ትቼዋለሁ። ከወንዙ ጀምሮ እጅህን ወደ ላይ አንሥተህ ነበር። እስከ መታጠፊያው ድረስ አላወረድከውም። አየኸኝ እንዴ?»

ሸምሱ ያን ሰዓት ከትናንት ይልቅ አጥርቶ ያስታውሰዋል። የተጫኑት አይሱዙ ላይ፣ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር ነበር። ወንዙን ሲሻገሩ የሸራው ገመድ ተፈታና ንፋሱ ሸራውን ያራግበው ጀመር። ረዳቱ አንተ ረጅሙ ያዘው ብሎ ጮኸበት። ሸምሱ እጁን ሰቅሎ የሸራውን ጫፍ ያዘ። ወደ መንደሩ አልዞረም። እንዲያውም አኩርፎ ነበር፤ ካልመጣች ምን ላይ ብሎ ሆን ብሎ ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ ነው የሄደው።

አየሁሽ ቢላት በዓለም ላይ የሚያስተባብለው ሰው የለም። ረዳቱ የት እንዳለ አይታወቅ፣ አብረውት የነበሩት ጎልማሶች ተበትነዋል። መጽሐፉ ላይ አባተ የሚላቸው ቃላት ደግሞ ምላሱ ላይ ነበሩ፤ ሲሰማቸው ሰንብቶ በቃሉ ይዟቸዋል። «ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል አንቺን ብቻ ነው ያየሁት።» እንዲህ ቢላት ስምንት ዓመት ይዛው የኖረችው ነገር ሳይነካ እንዳማረበት ይቀመጣል። እሷ ግን የነገረችው ወፎቹን ነው። አለቀስኩ ልትለው ስትችል አላለቀስኩም አለችው። ለዚያ የሚመጥን ከመጽሐፉ ውስጥ የሚበደር ነገር አላገኘም።

«አላየሁሽም» አለ። «ሸራ ነው ዘይኑ። ወንዙን ስንሻገር ገመዱ ተፈታና ያዝ አሉኝ። ሸራውን ይዤ ነው።»

ኔትወርኩ የጠፋ መስሎት ስልኩን ከጆሮው አንሥቶ አየው። መስመሩ አለ።

«ሸራ» አለች።

«ወላሂ። ደግሞም አኩርፌሽ ነበር። ወደ መንደሩም አልዞርኩም።»

«ለሐዋ እኮ ሳይቀር ነግሬያታለሁ። አይቶኝ እስከ መታጠፊያው እያውለበለበልኝ ሄደ ብዬ።» ድምፅዋ ቀጥ እንዳለ ነበር። ከዚያ ከውስጥ የመጣ፣ ታፍኖ የቆየ ሳቅ ጀመራት። «ስምንት ዓመት ለሸራ…» ብላ መጨረስ አቃታት። ሳቋ እየጨመረ ሄዶ ትንፋሽ አሳጣት፤ ሂባ ከወዲያ ምን ሆነሽ ስትል ይሰማል። ሸምሱም ሳቁን መያዝ አቃተው። ይህን የዘይነብን ሳቅ ከሰማው ብዙ ዘመኑ ነው፤ በየሳምንቱ በስልክ ሲሰማት የነበረችው ሴት እንዲህ የምትስቅ መሆኗን ዘንግቶት ነበር።

ሳቁ ሲበርድላት ጥያቄ አመጣች።

«ታዲያ ወደ እኛ ሳትዞር፣ ሸራ ይዘህ ቆመህ ምን ታስብ ነበር?»

ከታች እሸቴ መጽሐፉን ከፍ አድርጎ ይዞ ይጣራል። «ሸምሱ፣ ያላ፣ ልንጀምር ነው። መጨረሻዋን ሳትሰማ ልትቀር ነው?» ኡመር ሽማጉን ወደ አፉ አስጠግቷል። ሸይባው የገለፈቱን መጠጥ ቀድቶ ተምሩን ለየሰዉ እያዞረ ነው። ሐምዛ ዛሬ ከግንቡ ወዲህ፣ ከሰዎቹ መካከል ተቀምጧል።

ሸምሱ ወደ እነሱ አየና «እናንተ ጀምሩ» ብሎ መለሰ። ታንከሩን ተደግፎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዛወረው።

«ቆይ ዘይኑ» አላት፣ «እንዳልጨምርበት ደህና አድርጌ ላስታውሰው።»